ለቁመትህ ሳይሆን ለክብደትህ

የሱቁ በር ደወል ባቃጨለ ቁጥር ክሎቲልድ የምታደርገው ነገር አንድ ነበር። ጉልበቷ ላይ ያለውን ጫማ አንስታ አባቷ ጭን ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የጠፍሩን ጫፍ በግራ እጃቸው፣ ወስፌውን በቀኝ እጃቸው ታስጨብጣቸዋለች። ከዚያ መጥረጊያ ብድግ አድርጋ ወለሉን መጥረግ ትጀምራለች። የገባው ሰው የሚያየው አባቷን ኦቪላን ነው፤ በረዶ ላይ ሳይሰምጡ የሚራመዱበትን የመረብ ጫማ የሚሠሩትን ኦቪላን፣ ምድጃው አጠገብ ሥራቸው ላይ አጎንብሰው።

የኦቪላ ዓይን ከጨለመ ዓመታት አልፈዋል። ያን የሚያውቁት ግን እሳቸውና ልጃቸው ብቻ ነበሩ። በጋስፔ የባሕር ዳርቻ አዳኙም፣ እንጨት ቆራጩም «የኦቪላ እጅ ያረፈበት» ካልሆነ እግሩን አያስገባም። «ዕውር የሠራውን ጫማ ማን ያደርጋል?» ብለው አባቷ ለማንም እንዳትናገር አስማሏት። እሷም ማለች። ያኔ ገና ሃያ ዓመቷ ነበር፤ አንድ ቃል ይህን ያህል ይረዝማል ብላ አላሰበችም።

በዚያ ክረምት በረዶው ከወትሮው ባሰ። ሳንት-ኦዲል ከፊቷ ባሕር፣ ከኋላዋ ተራራ ያለባት መንደር ናት፤ ያለቻት አንዲት መንገድ ስትዘጋ መግቢያም መውጫም የላትም። ክሎቲልድ በመስኮቱ ነጩን ታያለች፣ ጠፍር ትወጥራለች፣ የአተር ሾርባ ታሞቃለች። ሲነጋ እንደገና ያው ነው።

አንድ ረፋድ ላይ የገባው ሰው ከደወሉ ቀድሞ የበሩን ጉበን በግንባሩ መታው። ጂስላን ይባላል፤ ተራራው አናት ላይ ያለውን የሬዲዮ ማማ እንዲጠብቅ በመኸር የተላከ ባለሙያ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ማማው የሚያወጣው ሰንሰለት ጎማ ያለው መኪና በረዶው ውስጥ ሰምጦ ቀርቶ ነበር።

«ረጅሙን ጫማ ስጪኝ» አለ ግንባሩን እያሻሸ። «ካለሽ ሁሉ ረጅሙን።»

«ለምን ረጅሙን?»

«እንደምታዪኝ ነዋ! አጭር ሰው አይደለሁም።»

«በረዶው ቁመትህን አይጠይቅህም። የሚጠይቅህ ክብደትህን ነው። ስንት ኪሎ ነህ?»

«ኧረ ይሄ ከተጋቡ በኋላ የሚጠየቅ ነው!»

ክሎቲልድ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የድንች ሚዛኑ ላይ አወጣችው። «ከነሸክምህ» አለችው። ሻንጣውን አምጥቶ ተሸከመና እንደገና ወጣ። የሚሄድበትን ጠየቀችው። ከታች ጥቅጥቅ ያለ ጥድ፣ ቀጥሎ ቀጥ ያለ ዳገት፣ ከላይ ነፋስ የላሰው ጠጣር በረዶ። እየሰማችው ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት አጭርና ክብ ጫማዎች ሄደ። ለጫካና ለዳገት የሚሆኑት እነሱ ናቸው።

«ባለ ጅራቱን ስጪው፣ ክሎ» አሉ ኦቪላ ከምድጃው አጠገብ። «ረጅሙን። እኔ ያን ተራራ የወጣሁት በሱ ነው።»

አባቷ ያን ተራራ የወጡት ጫካው ሳይመለስ በፊት፣ ዛፉ ተመንጥሮ ሜዳ በነበረበት ዘመን ነው። ግን ደንበኛ ፊት ከተከራከረቻቸው፣ የዚህ ሱቅ ባለሙያ ማን ነው የሚል ጥያቄ ይነሳል። ክሎቲልድ ረጅሙን አውርዳ ሰጠችው። ሲወጣ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ቀድማ ያቀረቀረችው እሷ ናት።

ሲመለስ ጉንጩ ተጭሮ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ነበር። ኦቪላ ምሳ በልተው ጋደም ብለዋል።

«ጅራቱ ሁለት ጥድ መሐል ገባና ተቀረቀረ» አላት። «ልዞር ስል እኔ ዞርኩ፣ ጫማው ግን አልዞረም።»

«እንደሚቀረቀር አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሰጠሽኝ?»

ክሎቲልድ ዞር ብላ መለኪያ ክሩን ከመደርደሪያው አወረደች። ጂስላን ጥያቄውን ትቶ ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ አለመቆጣቱ ይበልጥ ከበዳት።

«ተነስና ተራመድ» አለችው በመጨረሻ። «እስከ በሩ ድረስ። እንደ ወትሮህ።»

ተራመደ።

«ወትሮም እንደ ዳክዬ ነው የምትሄደው?»

«ማንም ነግሮኝ አያውቅም!»

«ጫማው ሰፊ ከሆነ አንዱ ሌላውን እየረገጠ ይጥልሃል። ለዚያ ነው የማይህ።» የእግሩን ርቀት በክር ለካች። ከዚያ ተንበርክካ ማሰሪያውን እንዴት እንደሚያጠብቅ አሳየችው፤ የእግሩ ጣቶች በመረቡ ቀዳዳ ወደታች እንዲገቡ፣ ተረከዙ ግን ነፃ እንዲሆን። ጣቷ ቁርጭምጭሚቱን ሲነካ እጇን ቶሎ አላነሳችም። ምድጃው ውስጥ እንጨቱ ይንጣጣ ነበር።

ክብ ጫማውን የሠራችው አባቷ ከሰዓት በኋላ በሚተኙበት ጊዜ ነው። አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና አደረገችው፣ መረቡን አጥብቃ ወጠረችው፣ ከሥሩ የብረት ጥርስ አሰረችበት። ከወሰደው በኋላም ጂስላን ምክንያት አያጣም ነበር፤ አንዴ ማሰሪያው ላላ፣ አንዴ ጠፍሩ ረጠበ፣ አንዴ ደግሞ «ጫማው ናፍቀሽዋል» ብሎ መጣ።

አንድ ቀን በጓሮ በኩል ገባ፤ እዚያ ደወል የለም። ክሎቲልድ ጠፍር ስትወጥር፣ ኦቪላ ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ግድግዳ ሲመለከቱ አገኛቸው። ኮቴውን ሳያሰማ ወደ ኋላ ወጣ። እሷ ተከትላው ወጥታ እንጨት ማከማቻው ውስጥ ክንዱን ያዘችው።

«ለሰው ብትናገር አለቀልን!»

«ለማን እናገራለሁ? ለማማው?»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። አልናገርም።» ድምፁን ቀነሰ። «ግን እስከ መቼ ነው፣ ክሎቲልድ?»

«አባዬ እስካለ።»

«ከዚያስ?»

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። የተደረደረውን እንጨት አየች፤ እስከ ጣራው ይደርሳል። ጂስላን እጇን ያዘ፤ እሷም አላስለቀቀችውም።

በረዶው ሳይቀልጥ ጂስላን ከበላዮቹ መልእክት ደረሰው፤ በጋ ላይ ከባሕሩ ማዶ፣ ሰሜን ዳርቻ ወዳለ ሌላ ማማ ይዛወራል። በዚያው ሳምንት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ኦቪላ ፊት ቆመ።

«አቶ ኦቪላ፣ ክሎቲልድን ላገባት እፈልጋለሁ። እሺ ካለችኝ፣ እርስዎም ከፈቀዱ።»

«ጫማ ልትገዛ መጥተህ ልጄን ልትወስድ?» ኦቪላ እጃቸውን ዘርግተው እስኪያገኟት ፈለጓት፤ እጇን ጨብጠው ወደ ራሳቸው ሳቧት። «ንገሪው፣ ክሎ። ንገሪው እንጂ።»

የአባቷ እጅ አልለቀቃትም። ክሎቲልድ ጂስላንን አየችው፣ የያዛትንም እጅ አየች።

«አልሄድም» አለች።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ስትከፍት ክቡን ጫማ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አገኘችው። በረዶው ተራግፎለት፣ ማሰሪያው ተጠቅልሎ። ጂስላን ረጅሙን አድርጎ ወደ ማረፊያው ተመልሷል።

ከዚያ ማዕበሉ መጣ። ነፋሱ ከባሕር ተነስቶ በረዶውን እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱም በላይ ከመረው፤ ቤቱ በቀትር እንደ ጓዳ ጨለመ። አባትና ልጅ መብራት አብርተው ተቀመጡ። ሬዲዮው ሲዘፍን ቆይቶ ተንኮሻኮሸና ዝም አለ።

«ማማው ቆመ» አሉ ኦቪላ። «ልጁ ወጥቶ ይሆን?»

«ነፋሱ ሳይበረታ ሲወጣ አይቼዋለሁ።»

«በየትኛው ጫማ?»

«በረጅሙ።»

ኦቪላ አገጫቸውን አሹ። «ክቡስ? ሠርተሽለት የለም እንዴ?»

ክሎቲልድ ደነገጠች።

«የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ተኝቼ የማንኮራፋ ይመስልሻል? ለሌላው ደንበኛ ስትወጥሪ በረጅሙ እየተነፈስሽ ነው። ለሱ ስትወጥሪ ታንጎራጉሪ ነበር።»

ሁለቱም የነፋሱን ጩኸት ሲያዳምጡ ዋሉ። በሩን ቢገፉት አይከፈትም፤ በረዶው ከውጭ ይዞታል። ክሎቲልድ ከምድጃው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ምድጃው ትመላለስ ነበር፤ ክፍሉ ከመቼውም በላይ ጠበባት።

በበነጋው ነፋሱ ሲበርድ አካፋ ሲቧጥጥ ተሰማ። በረዶ ጠራጊ መኪና የሚነዳው ኮንራድ በሩን ቆፍሮ ከፈተው፤ ሌሎች የመንደሩ ሰዎች ከኋላው ቆመዋል።

«አቶ ኦቪላ፣ የማማው ልጅ አልተመለሰም» አለ እያለከለከ። «ያን ተራራ በደንብ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ይምሩን።»

ኦቪላ ከወንበራቸው ተነሱ። ክሎቲልድ ልትደግፋቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

«እኔ አልመራችሁም፣ ኮንራድ። አላይም።»

«ማዕበሉ እኮ ቆሟል…»

«ማዕበሉን አላልኩም! ዓይኔን ነው የምልህ። ዕውር ነኝ። ያ ያደረግከው ጫማ፣ ወንድምህ ያደረገውም፣ እሷ የሠራችው ነው። ሁሉንም እሷ ናት የሠራችው። እሷን ተከተሉ።»

ኮንራድ አፉ እንደተከፈተ እግሩን አየ። ክሎቲልድ አባቷን አየች። እንባዋ መጣ፣ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም።

«አንድ እፍኝ በረዶ አምጪልኝ» አሉ ኦቪላ። በጣቶቻቸው አሹት። «ከላይ ዱቄት ነው። ጥልቅ ነው። አንቺ የትኛውን ጫማ ልታደርጊ ነው?»

«ለመንደሩ መምህርት የሠራሁትን ትንሹን። በክብደቴ ልክ ነው።»

«ብቻሽን ብትሆኚ ልክ ነበር። ግን የሱን ጫማና ስንቁን ትሸከሚያለሽ። ከዚያ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን አድርጊ። ጥርስ ያለውን።» ማሰሪያውን ራሳቸው ተንበርክከው አጠበቁላት፤ እጃቸው አንዴም አልሳተም።

ረጅም ጫማ ያደረጉት ጫካው አፍ ላይ እየተቀረቀሩ ቀሩ። እስከ አናቱ ከክሎቲልድ ጋር የዘለቀው ኮንራድ ብቻ ነው። ከማማው ሥር የነበረችው ጎጆ የለችም፤ ነጭ ጉብታ ብቻ። ከጉብታው የምድጃ ቧንቧ ብቅ ብሏል፣ ጭስ ግን የለውም።

ክሎቲልድ በሆዷ ተኝታ አፏን ቧንቧው ላይ ደገነች።

«ጂስላን!»

ምንም። ደግማ ተጣራች። ከታች የሆነ ነገር ወደቀ።

«ማነው?» የሚል የሻከረ ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ! ቆስለሃል?»

«እግሬ ተጠምዝዟል። በሩ አልከፈት ብሎኛል። እንጨቱ አልቆ ጫማውን አነደድኩት።» ሳለና ጨመረ። «ለአባትሽ እንዳትነግሪያቸው።»

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡባት። ፊት ለፊት የማትለውን ነገር ያ ጨለማ ቧንቧ አቀለለላት።

«ጂስላን፣ አልሄድም ያልኩት ሳልወድህ ቀርቼ አይደለም። አባዬ እጄን ይዞኝ ስለነበር ነው።»

«አሁንስ ማን ይዞሻል?»

«ኮንራድ። እግሬን። እንዳልንሸራተት።»

«በናታችሁ» አለ ኮንራድ ከኋላዋ፣ «መጀመሪያ እንቆፍርና ከዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ ጨርሱት!»

በሩ ሲከፈት ጂስላን ግድግዳ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ጢሙ ላይ በረዶ ጋግሮበታል። ክሎቲልድ ክቡን ጫማ ከጀርባዋ አውርዳ አቀበለችው። አልተቀበላትም፤ አስቀድሞ እሷን አቀፋት። እሷም ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አድርጋ ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ቆመች።

በዚያ ፀደይ ተጋቡ። መንደሩ የኦቪላን ነገር ለጥቂት ጊዜ አወራ፣ አንዳንዱ ተቀየመ፣ ከዚያ ሁሉም ማሰሪያውን ሊያስጠግን ቀጥታ ወደ ክሎቲልድ መምጣት ጀመረ። በበጋ ከጂስላን ጋር ወደ ሰሜን ዳርቻ ስትሄድ ጫማ መሥራቷን እዚያ እንድትቀጥል ሦስቱም ተስማሙ። ኦቪላ ወደ እህታቸው ቤት ገቡ፤ ወደብ ያለባት ከተማ ውስጥ ነው።

ባልና ሚስቱ የሚሄዱበት ቀን ኦቪላ ወደቡ ላይ ጂስላንን አስጠሩት።

«ና፣ ፊትህን አምጣ። ልጄን የወሰዳት ሰው ማን እንደሆነ እንኳ አላየሁም።»

ጂስላን ጎንበስ አለላቸው። ጣቶቻቸው ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ የዳነውን ጭረት ቀስ እያሉ ዳሰሱ።

«አፍንጫው እንዲህ ትልቅ ነው እንዴ?» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝማ፣ አባዬ።»

«ብጠይቅስ ትነግሪኝ ነበር?» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል ላይ ተሰበረ። «ሂዱ በሉ። መርከብ ሰው አይጠብቅም።»

መርከቡ ከወደቡ ሲላቀቅ ክሎቲልድ ጠርዙ ላይ ቆመች። ኦቪላ እጃቸውን ከፍ አድርገው ያወዛውዙ ነበር፤ ግን ፊታቸው ወደ ዓሣ መጋዘኑ ነው። እህታቸው ልታዞራቸው ስትል ክሎቲልድ ባላት ድምፅ ሁሉ ተጣራች።

«አባዬ! እዚህ ነኝ!»

ሽማግሌው ቆም አሉ፣ አዳመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ድምፅዋ ዞሩና እጃቸውን እንደገና አነሱ። እሷም መርከቡ እስኪርቅ፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ መጣራቷን አላቆመችም።