ኢንሳፍ ጆሮ ላይ የታሰረው ክር

ማመን የማይፈልግ ይለፈው። እኔ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ከራሴ ፈጥሬ መጻፍ አልችልበትም። የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

ሐሙስ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ፣ ከሱቄ በላይ ያለው ቤታችን። ፀሐይ ቦግ እንዳለች...

ልጄ ኢንሳፍ ለዶክትሬት ተወዳድራ ነበር። ውጭ አገር፣ ወጪው ተችሎ። ትምህርቱ ፍጥረት ከትውልድ ትውልድ እንዴት እየተለወጠ እንደመጣ በኮምፒውተር ማስላት ነው አለችኝ። ቦታው አንድ ብቻ ነው። እኔም ይሄን ሁሉ ዓመት ሻሽ የሸጥኩት ለዚች ቀን ነው።

ለሐሙሱ ቃለ መጠይቅ የሠራችውን ማሳየት ነበረባት። ቀደም ብላ የእኔንና የራሷን ምራቅ አስመርምራ ውጤቱን ለኮምፒውተሩ ሰጠችው። እሱ ከእኛ ተነስቶ ወደ ኋላ እያሰላ የቅድመ አያቶቻችንን ፊት ይስላል።

አንድ ቀን የአንድ ወንድ ፊት ሳለ።

ሽማግሌ አይደለም። ወጣት ነው። ግንባሩ የሟች ባሌ፣ አፉ የእኔ...

ግራ ጆሮው ተበስቷል።

ኢንሳፍ ሳቀች። «ኢረር ነው እማ፣ ስህተት። የተበሳ ጆሮ በደም አይወረስም።»

እኔ አልሳቅኩም።

ከእሷ በፊት ከሊድ የሚባል ልጅ ነበረኝ። ከሱ በፊት ሁለት ሞተውብኝ ስለነበር፣ እናቴ እንደ አገራችን ልማድ አንድ ጆሮውን በሳችው። ሞት እንዳያውቀው ነው። በቅቤ የታሸ ጥቁር ክር አስገብታ ሦስት ጊዜ ቋጠረችለት።

ቁስሉ ሳይደርቅ፣ ከነክሩ ሞያሌ ቀበርነው።

ኢንሳፍ ስትወለድ፣ የዚች ልጅ ጆሮ መርፌ አያየውም ብዬ ማልኩ። ሴት ልጅ ያለ ጉትቻ እንዴት ታድጋለች ብለው ጎረቤቶቼ ሲያሽሟጥጡኝ ኖሩ። ልቤ ደረቅ ነው፣ አልሰማኋቸውም። ዶክትሬት እስክትደርስ ጆሮዋ ድፍን ነበር።

ያንን ፊት አጥፊው አልኳት። አጠፋችው።

በማግስቱ ኮምፒውተሩ መልሶ ሳለው።

አሁን ጆሮው ላይ ክር አለ... ጥቁር።

ይቅርብሽ ብዬ ለመንኳት። እሷም የእኔው ልጅ ናት፣ እንቢ አለች። ይሄን ካላሳየች ቦታውን ሌላ ሰው ይወስደዋል።

ሐሙስ ዕለት በሩን ዘግታ ገባች። እኔ ውጪ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል።

መብራት ጠፋ። ኔትወርኩም አብሮ ሄደ።

እንግሊዝኛዋ መሃል ላይ ተቆረጠ።

ከዚያ... የቅቤ ሽታ መጣ። እኛ ቤት ቅቤ የለም። በዘይት ነው የምንሠራው።

ከውስጥ ስታንሾካሹክ ሰማኋት።

«እማ... ቀስ በይ።»

ከበርጩማው ተነሳሁ።

«እማ፣ ያማል። ጆሮዬን ልቀቂኝ።»

እኔ ከበሩ ውጪ ነኝ።

በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። ብቻዋን ናት። ወንበሯ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች።

መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ፕሮፌሰሮች ተመለሱ፣ አንድ ነገር ነገሯት። እየሳቀች ወደ እኔ ዞረች።

«ተቀበሉኝ እማ። ቦታው የእኔ ነው።»

ደም በአንገቷ ይወርዳል።

ግራ ጆሮዋ ላይ ጥቁር ክር አለ። በቅቤ ርሷል። ሦስት ቋጠሮ...

«ግን ለምንድነው እንዲህ አጥብቀሽ ያሰርሽው?» አለችኝ።

በረራዋ ነገ ነው። መቀስ አንስቼ ስንት ጊዜ አጠገቧ ቆምኩ። ግን ይሄ ክር ሞት እንዳያውቅ የሚታሰር ክር ነው። ምን ቢመጣባት ነው የታሰረላት?

አልቆረጥኩትም።

ከሊድ አሁንም ኮምፒውተሩ ላይ አለ። ዛሬ ጠዋት ቀርቤ አየሁት።

ጆሮው ድፍን ነው። መርፌ ነክቶት አያውቅም።