ጭስ የጠጣው ከሰል

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ እውነቴን ነው፣ እንዴትስ ልመን፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለው ገበያተኛ እኛን ቀጥቃጮቹን «ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እያለ ሲያማን ነው ያደግሁት፣ አንድም ቀን ጅብ ሆኜ አላውቅም፣ ስለዚህ ጉድ የሚያወራልኝን ሁሉ ስቄ ነበር የምሸኘው።

ታዲያ ተራራው ፓርክ ተብሎ ተከልሎ እንጨት መቁረጥ የተከለከለ ጊዜ፣ ከጭልጋ በመኪና የሚመጣ የድንጋይ ከሰል መግዛት ጀመርን፣ ብረቱን ደህና አድርጎ ያግላል፣ ጭሱ ግን ድኝ ድኝ ይላል፣ ጉሮሮ ይቆርጣል። ወናፍ የምትነፋልኝ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ናት፣ ደረቷን ያዛት፣ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጋ ትስላለች፣ መጨረሻው ላይ ፉጨት አለው። እንዳላጣት ፈራሁ፣ አልዋሽህም፣ ጠዋት ትንፋሿን ሳላዳምጥ ከአልጋ አልወርድም ነበር።

አንድ ቀን በአቅራቢያችን ካለው የመንገድ ሥራ ካምፕ አንድ መካኒክ ዶማ ሊያስጠግን መጥቶ ሳሏን ሰማ፣ «ይኸንኑ ከሰል መድኃኒት እናደርገዋለን» አለ። ከሰሉን ሰባብረን ማሰሮ ውስጥ ከተትን፣ አፉን በጭቃ መረግን፣ ፍም ውስጥ ቀበርነው፣ ሲግል ደግሞ በቀጭን ቧንቧ የፈላ ውሃ እንፋሎት ሰደድንበት።

«አሁን ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል፣ ጭሱ ሲያልፍበት መርዙን ይጠጣዋል» አለን፣ «ሲጠግብ መልሳችሁ አፍናችሁ አግሉት፣ የጠጣውን ይተፋል።»

በተበሳሳ ቆርቆሮ አድርገን ጭስ መውጫው ላይ ሰቀልነው። ይታይህ፣ ሽታው ጠፋ፣ ውሎ አድሮ የጥሩወርቅም ሳል ቀጥ አለ። የመካኒኩን እግር ልስም ምንም አልቀረኝ።

ኋላ በሰንበት ቀን ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት እናጠፋለን፣ በሰንበት ክብሪት እንኳ አይጫርም፣ ምድጃው ቀዝቃዛ አመድ ነው። ጉም ከቡይት ራስ ተራራ ወርዶ ቀኑን አጨልሞታል፣ ሁለታችን ዳቦ እየቆረስን ተቀምጠናል። ቆርቆሮው ኳ ኳ አለ፣ አይጥ ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም፣ ከዚያ ፉጨት። ጥሩወርቅ ጉርሻዋን ሳትውጥ ቀረች።

«የኔ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ነፋስ ነው፣ ተይ።»

«ሳሌን አላውቀውም እንዴ?»

ተነሥቼ ጆሮዬን ወደ ቆርቆሮው አስጠጋሁ፣ እመነኝ፣ የሚስለው ከሰሉ ነው።

ሰንበት እንደወጣ፣ መቼም ቀጥቃጭ መላው እሳት ነው፣ ጠግቦ ይሆናል ብዬ ከሰሉን ማሰሮ ውስጥ አፈንኩና ፍም ላይ ጣድኩት። ማሰሮው መቅላት ሲጀምር ሳሉ ከውስጥ መጣ፣ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ፣ ጭቃው ተሰነጠቀና ቀጭን ጭስ ወጣ፣ ያኔ ከኋላዬ ጥሩወርቅ ሳለች፣ ከዳነች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አውጣው» አለችኝ ደረቷን ይዛ፣ «ሲተፋው የሚሄደው ወዴት መሰለህ?»

በጉጠት ጎትቼ አወጣሁት፣ ስንጥቁን በእርጥብ ጭቃ በእጄ ደፈንኩት፣ መዳፌ ተላጠ፣ ጠባሳው ይኸው። ሳሏም እዚያው ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ማሰሮው አልጋችን ሥር ነው። እንዳልቀብረው ጭቃው በእርጥበት ይለቃል፣ ለጎረቤት እንዳላወራ ስማችን የታወቀ ነው፣ ምን ይበሉን? ጥሩወርቅ ደህና ናት፣ ትስቃለች፣ ትሠራለች። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማዳምጠው ማሰሮውን ነው፣ ከውስጥ በቀስታ ሲስል ስሰማ እፎይ ብዬ እነሳለሁ።

ዛሬ ጠዋት ዝም አለ። ጎንበስ ብዬ ባየው፣ ጭቃው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ጥሩወርቅ እስካሁን ተኝታለች፣ አልቀሰቀስኳትም።