ያልቀላው የግራ እግር

ሟቿ በሌዘር ክፍሉ አልጋ ላይ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በጀርባዋ ተኝታለች። ከጆሮዋ በላይ ያለው አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ደሟ ትራሱን አርሶ፣ በአልጋው ጠርዝ ወርዶ፣ ወለሉ ላይ ረግቷል። ሦስት ጊዜ ያረፈባት የእሳት ማጥፊያ ከአልጋው ሥር ተጋድሟል፤ ጠርዙ ላይ ፀጉሯ ተጣብቋል። ዓይኖቿ ላይ ግን ታካሚ ሁሉ የሚያደርገው ጥቁር መነጽር በሥርዓቱ ተቀምጧል።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አየች። ቀጭንና አጭር ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። መጀመሪያ ያወጡላት ለቅጥነቷ ነበር፤ አሁን ግን በቅጥነቷ የሚስቅ የለም።

ሟቿ የክሊኒኩ ኃላፊ ነበረች። ሐኪሙ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እሱ «እታለም» ስለሚላት ሠራተኛው ሁሉ እታለም ይላታል። ዕድሜ ልኳን ቆማ ስትሠራ እግሮቿ ላይ የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ወጥተውባት ነበርና፣ ዛሬ ከሰዓት በሌዘር ሊያጠፋላት አስተኝቷት ነበር።

ባሏ ኮሪደሩ ላይ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። መዳፎቹ ላይ ደም ደርቋል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ነገሩ አልቋል ብለው መኪና አስነስተዋል።

«ሞተሩን አጥፉት» አለች መርፌ። «እኔም ለደሞዜ ልሥራ እንጂ።»

መጀመሪያ እንግዳ ተቀባይዋን ጠየቀች። የልጅቷ ጠረጴዛ ከሌዘር ክፍሉ በር ፊት ለፊት ነው።

«ማሽኑ በተኮሰ ቁጥር ጢጥ ይላል» አለች ልጅቷ። «ከስምንት ተኩል ጀምሮ ሲሠራ ነበር። መሃል ላይ ቆም አለና እንደገና ቀጠለ። ባሏ ጋሼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊወስዳት ሲመጣም ይሠራ ነበር። ከዚያ ዶክተር ወጣና ‹ጨርሻለሁ፣ ግባ› አለው።»

«ገብቶ ወዲያው ጮኸ?»

«አይ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው ሳምንት ቢሮዋ ውስጥ ‹ዝም ካልሽ አብሬሽ አልኖርም› ብሎ ሲጮህባት ሰምቻለሁ።»

ሐኪሙ ቢሮው ውስጥ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። የሥራ መነጽሩ አሁንም አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር» አለ። «ያሳደገችኝ እታለም ናት።»

«እግዜር ያጽናዎት። ሁለቱንም እግር ጨርሰው ነው የወጡት?»

«ሁለቱንም። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። በረዶ ያዝኩላትና ትንሽ እረፊ ብያት ወጣሁ።»

«መነጽሯንስ?»

«አላወለቅኩላትም። የመብራቱ ብርሃን እንዳይወጋት ብዬ።»

ነርሷ ደግሞ ከጎን ባለው የዕቃ ማጠቢያ ክፍል ነበረች። ከዚያ ወደ ሌዘር ክፍሉ የሚያስገባ በር አለ።

«በሩ ክፍት ነበር፤ መግባት እችል ነበር» አለች ነርሷ ሳትጠየቅ። «አልገባሁም። ሁልጊዜ አብሬው እሠራለሁ፤ ዛሬ ግን ‹እኅቴን ብቻዬን ላክማት› አለኝ።»

ነርሷ መርፌን ደስ አለቻት። «ጨረሩ ያረፈበት እግር ምን ይሆናል?»

«ይቀላል። ወዲያው እንደ ጭረት ያብጣል። ደም ይሮጥበት የለ?»

«በረዶ ሲያዝበትስ?»

«ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።»

መርፌ ወደ ሬሳው ተመለሰች። የበረዶ ከረጢቶቹን አነሳች። በቀኙ እግር ላይ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ቀያይ ጭረቶች አብጠዋል። በግራው ላይ ጨረሩ የተዋቸው ጥቃቅን ግራጫ ነጠብጣቦች እንጂ ቅላትም እብጠትም የለም። ከዚያ መነጽሩን ቀስ ብላ አነሳችው። የሟቿ ሽፋሽፍት ላይ ደም ተረጭቷል።

በመጨረሻ ከባልየው አጠገብ ተቀመጠች።

«አምስት ደቂቃ ምን ሲሠሩ ነበር?»

«በደም የራሰ እጇን ይዤ ቆምኩ። ፊቷን መንካት አልቻልኩም። ድምፄም እምቢ አለኝ።»

«‹ዝም ካልሽ› ያሏት ስለ ምንድን ነው?»

«እስከ ነገ ላልናገር ምዬላታለሁ።»

«ለእሷ ነገ የለም፤ ለእርስዎ ግን ወህኒ አለ።»

ሰውየው ይህን ሲሰማ ተናገረ። «ከሁለት ወር በፊት አንዲት ሴት ባቷ አብጦና ግሎ መጣች። ነርሷ ‹ደም ረግቶ እንዳይሆን፣ ይመርመር› አለችው። ዶክተሩ ‹አታካብጂ› ብሎ በሌዘር ተኩሶ ሸኛት። ማታውኑ ሞተች። ቤተሰቧ ምክንያቱን አያውቅም። ሚስቴ ለወንድሟ ስትል ደብቃ ነበር። ነገ ሄዳ ልትነግራቸው ወስናለች።»

ሬሳው ከተነሳ በኋላ መርፌ አራቱንም ሌዘር ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሶቹ በሩን ያዙ። ማሽኑ እንደበራ ነው።

«እዚህ ቤት ያለ መነጽር ይተኮሳል?» ብላ ነርሷን ጠየቀች።

«በፍጹም። የዶክተር እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ታካሚው መነጽር ነው።»

«እንግዲህ ስሙኝ። ቀኙ እግር አለቀ። እታለም መነጽሯን አውልቃ ቁጭ አለችና ነገ የምታደርገውን ነገረችው። ማሽኑ ቆም ያለው ያኔ ነው። መነጽር አድርጋ ብትመታ ኖሮ ደሙ የሚረጨው መስታወቱ ላይ ነበር። የተረጨው ሽፋሽፍቷ ላይ ነው፤ መስታወቱ ንጹሕ ነው። መነጽሩ የተደረገላት ከሞተች በኋላ ነው።»

«ለሬሳ መነጽር ምን ያደርግለታል?» አለ ባልየው።

«ምንም። የገዳዩ እጅ ግን ለምዶበታል። እርስዎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚመጡ ያውቃል፤ እስኪመጡ በሕይወት ያለች እንዲመስል ማሽኑ መጮህ ነበረበት። ስለዚህ የግራ እግሯን ተኮሰው። በሕይወት ያለ እግር ይቀላል። ግራው አልቀላም።» ወደ ሐኪሙ ዞረች። እርስዎ ማለቷን ተወች። «ደም የነካውን ጋውንህን ከቆሻሻው ከረጢት አውጥተነዋል።»

የሐኪሙ ቀልብ ተገፈፈ። «አንድ ሳምንት ብቻ ታገሺኝ አልኳት» አለ። «እምቢ አለች።»

«እነዚያን ሥሮች ያወጣችው አንተን ለማስተማር ቆማ ስትሠራ ነው» አለ ባልየው።

ሐኪሙ ዘሎ የማሽኑን መተኮሻ ነጠቀና ወደ ባልየው ዓይን አነጣጠረ። ነገር ግን የማሽኑን ፔዳል ከመርገጡ በፊት ግራ እጁ አንገቱ ላይ ያለውን መነጽር ወደ ራሱ ዓይን ሳበ። መርፌ የምትፈልገው ያችን ሰከንድ ነበር። የብረት ትሪውን አንስታ መተኮሻውን በያዘው እጁ አንጓ ላይ አሳረፈችበት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙ። ሰውየው ጮሆ ወደቀ። ባልየው ተከምሮበት የካቴናውን ሰንሰለት አንገቱ ላይ አጠበቀ። የሐኪሙ ፊት ጠቆረ፣ እግሩ ወለሉን መታ። ሁለት ፖሊሶች ቢጎትቱት አልለቀቀም።

«ይልቀቁት» አለች መርፌ በባልየው ጆሮ ሥር። «ነገ ለዚያች ሴት ቤተሰብ የሚናገር ያስፈልጋል። እርስዎም ከታሰሩ ማን ይነግራቸዋል?»

ለቀቀ። ካቴናውን ከእሱ እጅ ፈትተው ሐኪሙ እጅ ላይ አደረጉት።

ባልየው የታሰረበትን አንጓ እያሻሸ ወደ ባዶው አልጋ ዞረ።

«ጨረሩን ትፈራው ነበር» አለ። «ግራውን ሲተኩሳት አሟት ይሆን?»

«አይ» አለች መርፌ። «ግራው አላመማትም።»

ሰውየው ያን ጊዜ አለቀሰ።