ለእኛ ቁልፍ የተሠራ ጓጉንቸር

የሌላ ሰው ቁልፍ የሚከፍተው ጓጉንቸር ሠርቶ፣ በሰውየው በር ላይ የሚያንጠለጥል... ምን ፈልጎ ነው?

እስከ ዛሬ አላውቅም። የምጽፈው ግን የሆነውን ነው፤ አልጨመርኩበትም። ቦታው ሕንድ አገር፣ አሊጋር ከተማ፣ ኡፐር ኮት ሰፈር፣ የአክስቴ ቤት። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ፣ ፀሐይ አናት የምትበሳበት።

አሊጋር ከተማው ሁሉ ጓጉንቸር ሠሪ ነው። የሰፈራችን ሴቶች እንኳ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሞላ ይገጥማሉ። ለዚህ ነው መሰለኝ የምንዘናጋው። ቤት ስንውል ጓጉንቸሩን ክፍቱን ከውጭ የበሩ ቀለበት ላይ እንተወዋለን። ስንወጣ እሱኑ ጠቅ አድርገን መሄድ ነው።

ያሳደገችኝ አክስቴ ሻኢስታ ናት። ከጀርመን ስመለስ፣ ቤቷ ሰው እንደሚገባ ነገረችኝ። የሚጠፋ ነገር የለም። ከገበያ ስትመለስ ግን... ትራሷ ሞቆ ይጠብቃታል።

ጎረቤት ጂን ነው አለ። እኔ አላመንኩም። ከተመለስኩ ጀምሮ ደክሞኛል፤ ለጂን የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም። እኔ ዘንድ እንድትኖር ለመንኳት። ከዚህ ቤት ከወጣች በሕይወት እንደማትቆይ ነገረችኝ።

ስለዚህ በሩ መጠገን ነበረበት።

ከባድ ጓጉንቸር ገዛሁ። እንድለየው ሆዱ ላይ በምስማር ጫርኩበት።

ብዙም ሳይቆይ አየሁት... ጭረቱ የለም።

ቁልፌን ሰካሁ።

ተከፈተ።

ክፍቱን ተንጠልጥሎ ሲውል አንድ ሰው በሌላ ቀይሮታል። ተራ ሌባ ቢሆን ቁልፋችን እምቢ ሲል እንነቃበት ነበር። ይሄ ግን እንዳንነቃ፣ በእኛም ቁልፍ የሚከፈት ለመሥራት ለፍቷል።

ጎረቤታችን ጓጉንቸር ሠሪው ጋሼ ሙስተቂም ሳቀብኝ። "ጀርመን ድረስ ሄደህ ተምረህ፣ መጥተህ ከብረት ጋር ትጣላለህ?"

ጓጉንቸሩን ሲያገላብጠው ሳቁ ቆመ። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ጓጉንቸሩን ጣልኩት። በሩን በብረት ለበጥኩ። ከበሩ የማይነቀል ቁልፍ፣ ከውስጥ ደግሞ ወፍራም መቀርቀሪያ ገጠምኩ። መስኮቶቹን በፍርግርግ ዘጋሁ።

አክስቴ ከውጭ ምን እንደሚመስል ለማየት ወጣች። ተከተልኳት። በሩን ገርበብ አደረግነው።

ቀስ ብሎ ገጠመ።

ከዚያ... ሸርርር...

መቀርቀሪያው ከውስጥ ተዘጋ። ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው።

"ማንን ትተህ ወጣህ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ማንንም።"

በሩን ልገፋ ስል እጄን ያዘችኝ። መዳፏን ብረቱ ላይ አሳርፋ ነበር።

"ተው..."

"ምነው?"

"ከዚያ በኩል ተደግፎታል።"

በሩን እንዲቆርጥ የጠራሁት በያጅ ጆሮውን ብረቱ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ምን እንደሰማ አልነገረኝም። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። የጠራኋቸው ፖሊሶችም መጥተው በሩ ጠንካራ መሆኑን አደነቁ።

የአክስቴ ስልክ እዚያው ቤት ውስጥ ቀርቷል፣ አልጋዋ አጠገብ፣ ቻርጅ ላይ። የማደርገው ሲጠፋኝ ወደ ስልኳ መልእክት ጻፍኩ፦ "ማን ነህ?"

ከመልእክቱ ሥር ያሉት ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ።

ተነቧል።

አክስቴ አሁን እኔ ዘንድ ናት። መብላት ከተወች ሰነበተች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።

ዛሬ ጠዋት እንደገና ጻፍኩ። "እባክህ፣ ቤቱን ከእሷ ጋር ተካፈል። አንድ ክፍል ይበቃታል።"

ሰማያዊ ሆነ።

እየጠበቅኩ ነው...