ወደ ጓሮ የሚገባ ማሽን

ልብስ ሰፊው ዘርጋው ጠዋት ሲነሳ ከመነጽሩ በፊት ሜትሩን ነው የሚፈልገው። አንገቱ ላይ ጣል ያደርገውና ፊቱን ይታጠባል፣ ቁርሱን ይቀማምሳል፣ ሱቁን ሊከፍት ቁልቁል ወደ ገበያው ይወርዳል። ደሴ ውስጥ እሱ ለክቶ የሰፋው ልብስ የጠበበው ሰው ካለ፣ ሰውየው ወፍሮ ነው ይባላል። ሚስቱ አስካለ ግን ይህን ሁሉ ክብር በአንድ ቃል ታወርደው ነበር። «የሰው ትከሻ ስትለካ የልጅህን መሄድ ሳታይ ቀረህ» ትለዋለች።

ልጃቸው ይበልጣል በበረሃ አድርጎ ባሕር ሊሻገር ከወጣ ወዲህ የመጣው መርዶው ብቻ ነው። አብሮት የነበረ ልጅ ጀልባዋ ስትገለበጥ ማየቱን በስልክ ተናገረ፤ ለቀስተኛውም ሬሳ በሌለበት ድንኳን ፎቶግራፍ ላይ አለቀሰ። ቀብር ያላየች እናት ግን ልቧ አይቆርጥላትም። አስካለ የግቢውን በር አታስቆልፍም፤ እራት ስታቀርብ ለእሱም ሳህን ታስቀምጣለች፤ የምትተኛውም ሳሎን፣ መዝጊያው ስር፣ ፍራሽ አንጥፋ ነው። የዘርጋው ምኞት ይህ ብቻ ነበር፦ ሚስቱ በሩን ቆልፋ አልጋዋ ላይ እንድታድር።

ጓሮ ያለው የኮክ ዛፍ በክረምቱ አጋማሽ፣ ዝናብ እየወረደበት ሲደርቅ፣ ለዘርጋው ቀኑ የደረሰ መሰለው። የይበልጣል እትብት የተቀበረው እዚያ ዛፍ ስር ነው። አስካለ ግንዱን በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አየችው።

«በቃ» አለች። «ግን አይቃጠልም፤ ከግቢም አይወጣም። የልጄን እትብት የበላ ዛፍ ነው፣ እዚያው አፈር ይሁን።»

«አፈር ሲሆንስ?»

«ያኔ በሩን እቆልፋለሁ።»

እንጨትን ሳያቃጥል አድቅቆ አፈር ላይ የሚበትን ማሽን የእርሻ መሣሪያ ነጋዴው ሙክታር ጋ ተገኘ።

«ጋሼ፣ ይሄ በትራክተር የሚጎተት ነው፣ ይለፈን» አለ ሙክታር። «ይሄኛው በቤንዚን ይሠራል፣ ክንድ የሚያህል እንጨት ይውጣል። ያቺ ትንሿ በኤሌክትሪክ ናት፤ ጉሮሮዋ ጠባብ ስለሆነ እንጨቱን ፈልጠው ነው የሚያጎርሷት። መጀመሪያ ግን መግቢያዎን ይንገሩኝ። ሰው ሁሉ ጉልበት አይቶ ይገዛና በር ላይ ያለቅሳል።»

መግቢያውማ ጠባብ ነው። ጎረቤት አጥሩን በብሎኬት ካነሳው ወዲህ ወደ ጓሮ የሚወስደው በሰርቪስ ቤቱና በግንቡ መካከል የቀረችው መተላለፊያ ብቻ ናት። ይበልጣል እንኳ ትከሻውን አዙሮ በጎን ነበር የሚያልፈው፤ ሲወጣ ሁልጊዜ ግራ ትከሻው ኖራ ለብሶ፣ እናቱ በመዳፏ ታራግፍለት ነበር። ዘርጋው መተላለፊያዋን ለካ፣ ሜትሩ ላይ በሳሙና ምልክት አደረገ፤ የቤንዚኑ ማሽን ከነጎማው ምልክቱን አላለፈም። በጋሪ አስጭኖ መጣ። ማሽኑ አልገባም። በጣት ስፋት ተረፈ።

ሜትሩን መልሶ ዘረጋ። የሳሙናው ምልክት ግንቡን አልፎ ሄደ፤ መተላለፊያዋ ከለካት ወዲህ ጠብባለች።

ዘርጋው ማሽኑን ሲመልስለት ሙክታር ሳቀ። «እርስዎ ለክተው የጠበበ ካለ ወፍሮ ነው ይባል የለም እንዴ? ግንብዎ ወፍሮ ይሆናላ።»

በለውጡ የወሰደው ሁለተኛው ማሽን ጎማው ከሆዱ ስር የሚታጠፍ፣ ቀጠን ያለ ነበር። እሱም በጣት ስፋት ተረፈ። ዘርጋው በዚህኛው ጊዜ አልተናደደም፤ ቆሞ አሸተተ። የግንቡ ኖራ አብጦ ላብ ላብ ይል ነበር። ዘርጋው ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ያንን ሽታ የሚያውቀው ሳይታጠብ ለጥገና ከሚመጣ የሸሚዝ ኮሌታ ነው፤ የቆየ የሰው ጨው። ጆሮውን ጠጋ ሲያደርግ፣ ከብሎኬቱ ውስጥ፣ ሸክም የከበደው ሰው ጥርሱን ነክሶ ሲያቃስት የሚያሰማው ዓይነት ቀጭን ድምፅ ሰማ።

«ቤቱ አልፈለገም» አለች አስካለ ከኋላው።

«ቤት ምን ይፈልጋል፣ ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ከሆነ ምን ያስተነፍሰዋል?»

ዘርጋው ሜትሩን ጠቅልሎ ወደ ሙክታር ወረደ። ትንሿን የኤሌክትሪክ ማሽን ገዛ።

ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ጣሪያዎቹን ሲያለብስ፣ ጎማዎቿን ፈትቶ እንደ ሻንጣ በጎን ይዟት ገባ። መተላለፊያዋ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆረጠችበት፤ አስካለም ነጠላዋ ኖራው ላይ እየተያዘ፣ ትንፋሿን ውጣ ተከተለችው። ዛፉን በመጋዝ ጣለው፣ ቅርንጫፉን ከታተፈ፣ ግንዱን ፈለጠ፣ ማሽኗን ማጉረስ ጀመረ። ደረቅ የገባው እንጨት እርጥብ ሆኖ ወጣ። ፍርፋሪው መዳፍ ላይ ይጣበቃል፤ ሲደርቅም ነጭ ሆኖ ይቀራል።

«ደርቋል ብለን አልነበር እንዴ?» አለች አስካለ።

«ዝናቡ ነው» አላት፤ ዓይኗን ግን አላየም።

የመጨረሻዋን ፍልጥ ስትውጥ ማሽኗ ማንም ሳይነካት ቀጥ አለች። ከታች፣ ከመንገዱ፣ የታክሲው ጥሩምባና የረዳቱ ጩኸት አብሮ ጠፋ። አስካለ ተንበርክካ ፍርፋሪውን በእጇ አፈር አለበሰችው፤ ቀብር እንዳገኘች እናት፣ ልጇን በስሙ እየጠራች አለቀሰች። ዘርጋው ሥራ ሊፈታ አልወደደምና ሜትሩን ይጠቀልል፣ መልሶ ይዘረጋ፣ መልሶ ይጠቀልል ነበር፤ በመጨረሻ እሱም አለቀሰ።

«ነይ እንግዲህ» አላት ሲበቃቸው። «በሩን እንቆልፍ።»

«እሺ» አለች። ከመርዶው ወዲህ እሺ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

ሲዞሩ መተላለፊያዋ የለችም ማለት ይቻላል። ዘርጋው መዳፉን ዘርግቶ ሰደደ፤ መዳፉ አልገባም። ግንቡ እያየው ይጠጋ ነበር፤ ብሎኬቱ እየተፈገፈገ፣ ኖራው እየረገፈ፣ ከውጭ የሚገፋ ሰው በር ሲበረግድባት ባላት አቅም ሁሉ ተደግፋ ለመዝጋት እንደምትታገል አሮጊት። ዘርጋው እስከዚያች ሰዓት ቤቱ እነሱን የሚያግድ መስሎት ነበር፤ ለካ የሚዘጋው ከውጭ በሚመጣ ላይ ነው።

ከወዲያ በኩል ያልተቆለፈው የግቢ በር ሲጥጥ አለ። ጫማው ውኃ የሞላ ሰው እርምጃ ሳሎኑን አለፈ፣ ሰርቪስ ቤቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ያ የቆየ የኮሌታ ጨው ሽታ ጓሮውን ሞላው።

«እማዬ።»

አስካለ አፈሩን ከእጇ በነጠላዋ ጠረገች። ፊቷ በራ፤ ዘርጋው ያንን ፊት ልጁ በተወለደ ቀን ነበር ያየው። አፏን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ ቀደመችው።

«ግባ ልጄ» አለች፣ «ክፍት ነው።»

ዘርጋው ከመጀመሪያው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጀምሮ የልጁን ትከሻ ሲለካ ኖሯል፤ መዳፍ በማታስገባዋ ስንጥቅ፣ ፊት ለፊት እያያቸው የመጣው ግን፣ ይበልጣል ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ትከሻውን አላዞረም።