ማር የገባበት ኪቦርድ

ሌንሳ በፌስታል የተጠቀለለውን ኪቦርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ቁልፎቹ አልሠራ ብለዋል። ዛሬ ይደርሳል?»

«ማን ቸኮለ?»

«ዝናቡ።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ማኑሄ የሱቁን መጋረጃ ሳብ አደረገ። የመካኒሳ አቦ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኮምፒውተር ጠጋኝ መሆኑን ነው። መሥሪያ ቤቱ ግን «ወስፌ» ይለዋል፤ ሰላይ ነው። ሌንሳ «ዋንዛ» ናት፤ ለቡ መብራት ኃይል ላይ በመኪና መለዋወጫ ስም የጦር መሣሪያ የሚያስገባው የገሠሠ ጸሐፊ። ይህን ኪቦርድ በገሠሠ ኮምፒውተር ላይ የሰካችው እሷ ናት። በኪቦርዱ ሆድ ውስጥ፣ የተነካውን ቁልፍ ሁሉ የሚመዘግብ ቺፕ ተቀብሯል።

የገሠሠ ጭነት ሊያዝ ሲል ሁልጊዜ መንገድ ይቀይራል። ከመሥሪያ ቤቱ ወሬ የሚያቀብለው ሰው አለ። ያን ሰው የሚያጋልጥ ነገር ካለ ይኸው ቺፕ ነው።

«ምነው ዛሬ አመጣሽው?»

«ገሠሠ ከሰዓት ሞጆ አብረን እንሂድ አለኝ። እንደዛሬ ስቆልኝ አያውቅም። ፈራሁ። ለመውጣት ሰበብ እንዲሆነኝ ሻይ ደፋሁበት።»

«ስኳር ያለው?»

«ማር።»

«ማር! ኧረ በፈጠረሽ! ውኃ ጠፍቶ ነው?»

«አንተ ብትሆን ስትደነግጥ ታማርጣለህ?»

ቺፑ የሚከፈተው ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ሲያዙ ብቻ ነው፤ ዲ፣ ኤም፣ ፒ። ማኑሄ መፈተሻውን ከፈተ። የሚሠራ ቁልፍ ሲነካ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ይሆናል። ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ ነካቸው። አረንጓዴ። አረንጓዴ። ዲ ሠራ። ፒም ሠራ።

ኤም ዝም።

ጫን አለው። ዝም። ካለው ቁልፍ ሁሉ መርጦ ይሄ ይሙት? በካቻቢቴ ጫፍ ክዳኑን ነቀለ፤ በአልኮል ጠረገ፤ በጥርስ ብሩሽ ፈተገ፤ እፍ አለበት። አሁንም ዝም። ንዴቱ እስከ ጆሮው ወጣ። የሰው ነፍስ በአንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ስትንጠለጠል እንዴት አይናደድ?

ቢቸግረው ታሪኩ ጋ ደወለ። ቺፑን የሠራው የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ታሪኩ ነው። አበልጁም ነው፤ የታሪኩን ልጅ ቃለሕይወትን ክርስትና ያነሣው ማኑሄ ነው።

«ኤም ሞታብኛለች። ዋንዛ እዚሁ አለች።»

«አትልፋ፤ እንዳትነካው። መጥቼ እወስደዋለሁ። እሷንም እንዳትለቃት።»

«ፍጠን በቃ።»

ማኑሄ ግን እጁ አላርፍ አለው። ኪቦርዱን ጨርሶ ፈታው። ማሩ ከሥር ላስቲኩ ላይ ደርቋል። በጥፍሩ ፋቀ፣ አጠበ፣ አደረቀ፣ መልሶ ገጠመ። ተጫነ።

አረንጓዴ።

ሦስቱን አንድ ላይ ያዘ። ቺፑ ተከፈተ።

ባዶ።

የስንት ጊዜ ልፋት ተጠርጎ ጠፍቷል! ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። ደግሞ አየ። ከሥር በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር ቀርቷል።

ታሪኩ ታሪኩ ታሪኩ።

ማኑሄ እንዲህ ያለውን ሱቁ ውስጥ ስንቴ አይቷል። ኪቦርድ የሚሞክር ሰው ሁሉ የሚጽፈው የራሱን ስም ነው፤ ጣቱ ሌላ አይመጣለትም። ታሪኩ ወደ ገሠሠ ቢሮ ገብቶ መዝገቡን ደምስሷል። ኪቦርዱን ገጥሞ ቁልፎቹ መሥራታቸውን እንደማንኛውም ሰው ሞክሯል። የገዛ ቺፑ የእሱንም ጣት እንደሚመዘግብ ረሳ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ!

እሱም እየመጣ ነው። የጠራው ራሱ ማኑሄ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ማዕከል ጋ ደወለ። «ወሬ አቀባዩ ታሪኩ ነው። ወደ ሱቁ እየመጣ ነው። ዋንዛን ተቀበሏት።»

«ነጭ ኮሮላ፣ አቦ በር ላይ። እሱን አቆየው።»

«ሌንሳ፣ ተነሺ። በጓሮ ውጪ፤ አቦ በር ላይ ነጭ ኮሮላ ይጠብቅሻል። ቤትሽ እንዳትሄጂ።»

«ምን ሆነ?»

«ሸጠውሻል።»

የጓሮው በር ሲዘጋ የፊቱ ተከፈተ። ታሪኩ ነው። ከኋላው የገሠሠ ፒክአፕ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል።

«የታለች?»

ማኑሄ ስክሪኑን አዞረለት።

ታሪኩ ስሙን አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያንተን ስም አልሰጠሁም። አበልጄን አልሸጥም ብያቸዋለሁ።»

«እሷስ የሰው ልጅ አይደለችም?»

ታሪኩ ወደ በሩ ዞረ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች በሩን ሞልተውታል። ፒክአፑም ተከቧል። እጁን ለካቴና ሰጠ።

«ቅዳሜ የቃለሕይወት ልደት ነው። ክርስትና አባትህ ይመጣል ብዬዋለሁ።»

የመሥሪያ ቤቱን ሕግ ሁለቱም ያውቁታል፤ የታወቀ ሰላይ ስሙንም ሰፈሩንም ትቶ ይጠፋል። ሱቁን የገሠሠ ሰዎች አይተውታል፤ ከዛሬ ጀምሮ ማኑሄ የሚባል ሰው የለም፤ ታሪኩን የሚያውቅ ቤት ሁሉ ለእሱ ተዘግቷል። ልጁ ቅዳሜ ሁለት አባት በር በሩን እያየ ይጠብቃል። ልጁ ምን አጠፋ? ማኑሄ ማልቀስ ቢችል ይሻለው ነበር። የመጣለት ንዴት ብቻ ነው።

ሌንሳ ከከተማ መውጣቷ በስልክ ተነገረው። ሲም ካርዱን ሰብሮ ጣለ፤ ሱቁን እንደተከፈተ ትቶ ወጣና የመጣለትን ታክሲ ያዘ።

«ጠጋ በል እስቲ፣ ወንድም» አለው ረዳቱ።

ጠጋ አለ።