ለሰው ጅን ነው በይ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት፥ በወርኃ ኅዳር፥ ጣና ከክረምት ቁጣው በርዶ ረግቶ ነበር፤ በባሕር ዳር ወደብ ላይ የጥልያን ባንዲራ ይውለበለባል፤ ከዚያ ፈንጠር ብሎ ደንገል በበቀለበት ረግረግ ዳር ታንኳ ሠሪዎቹ እስላሞች መንደራቸውን ቀልሰው ይኖሩ ነበር። በዚያ መንደር ውሃ የጠጣ ታንኳ እስኪደርቅ ድረስ ከዋርካው ተደግፎ ይቆማል። ያን ጧት ግን የሼህ ቡርሀን አዲስ ታንኳ ማሰሪያው ሁሉ ተፈትቶ፥ ደንገሉ እንደ ታጨደ ሣር ተበትኖ ተገኘ።

ማን እንደ ፈታው የጠየቀ አልነበረም። ታንኳ ሠሪው አብዱልወሃብ ከጥቅምት ወዲህ የታሰረ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም፤ የፍየሉን ገመድ ይፈታል፤ የከረጢቱን አፍ ይፈታል፤ የልጁን የከሪማን የጸጉር ክር ሳይቀር ፈትቶ በመዳፉ ይዞ ይውላል። አይጮህም፤ ሰው አይመታም፤ ሲጠሩትም አይመልስም። ቀድሞ በዚያ ዳርቻ ሁሉ ልጥ አጥብቆ በማሰር የሚስተካከለው አልነበረም፤ እሱ ያሰረው ታንኳ ተበተነ ሲባል የሰማ አልነበረም።

ሼህ ቡርሀን ከዘራቸውን ይዘው ከአብዱልወሃብ እህት ከሸሪፋ ደጃፍ ቆሙ። ሸሪፋ የሟች ባሏን ቤት ትታ የወንድሟን ልጆች የምታሳድግ፥ በአፏ የምትፈራ ሴት ነበረች።

«ወንድምሽ እንግዲህ በሰንሰለት መታሰር አለበት» አሉ። «ዛሬ በየብስ ፈታው፤ ነገ ልጆቼ መሐል ባሕር ላይ ሳሉ ቢላላባቸውስ?»

«የእርስዎ ታንኳ ፈቺ አያሻውም፥ ሼህ። አምና ከይፋግ ገበያ እህል ጭነው ሲመለሱ ማን ፈታብዎ? በዋና አይደለም የገቡ?»

በአጥሩ ወዲያ የቆሙ ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ።

«አፍሽን ያዢ! ሽማግሌ ነኝ!»

«ሽማግሌነትዎን መች ካድሁ? አሠራርዎን ነው ያማሁት።»

ሼሁ ሊቆጡ ከጀሉና ተዉት፤ አብዱልወሃብን ከልጅነቱ ያውቁታልና ዓይናቸው እርጥብ ሆነ። «አንድ ጊዜ ብቻ እታገሣለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሌላ ታንኳ ከተፈታ ሰንሰለቱን እኔው አመጣለሁ። የባሕር ጅን ብረት ይፈራል።»

ጅን ያለችው ራሷ ሸሪፋ ነበረች። ወንድሟ ከወደቡ በተመለሰበት ቀን የሆነውን በጥቂት ቃል ነግሯት ከዚያ ወዲያ ዝም አለ፤ እሷም ለመንደሩም ለልጆቹም «ጅን ለከፈው» ብላ አወራች። ጅን የጥልያን ወታደሮች አለቃ ሹምባሹ ዘንድ ቀርቦ ቃል አይጠየቅም፤ ጅን አይሰቀልም። በዚያ ዘመን ከእውነት ይልቅ ጅን ቤት ይጠብቅ ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሸሪፋ ከሪማን ፈልጋ ከቤት አጣቻት። ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቷ ታናሿን ሐቢባን ወልዳ በአራስነቷ ሞታለች። ወደ ባሕሩ ብትወርድ፥ ልጅቱ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ ለብቻዋ ታወራለች።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪ?»

«ከጅኖቹ ጋር።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

«እኔን ውሰዱና አባባን ልቀቁት እላለሁ።» ዞር አላለችም። «በመስከረም፥ እንዲህ በመሸ ጊዜ፥ የፈላ ውሃ ቢስሚላህ ሳልል እዚህ ደፋሁ። የጅን ልጅ ሳላቃጥል አልቀረሁም። ለዚህ ነው አባባን የያዙት። እስካሁን ከዳር ሆኜ ስለምናቸው አልሰሙኝም፤ ዛሬ ትንሽ ገባ ብዬ ነው።»

ሸሪፋ ነጠላዋን አውልቃ ከዳሩ ጣለች። ዝም ብትል ባሕሩ ልጅቱን ሊወስድ ነው፤ ብትናገር ደግሞ የወንድሟ አንገት በዘጠኝ ዓመት ልጅ ምላስ ላይ ሊንጠለጠል ነው። በልብሷ እንዳለች ገብታ ልጅቱን በክንዷ ሳበቻት፤ ከዋርካው ሥር በቆሙት ታንኳዎች መካከል አስቀምጣ በነጠላዋ ጠቀለለቻት።

«ጅን የለም፥ ከሪማ። ዋሸሁሽ።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት።

«መሪጌታ ወልደ ሐዋርያትን ታስታውሻቸዋለሽ?»

«ከደሴቱ ገዳም አባባ የሚያሻግራቸው? ትርንጎ የሚሰጡኝ?»

«እሳቸው። አርበኛ አብልታችኋል ተብለው ከመሸንቲ ሰዎች ጋር ተያዙ። ጥልያኖቹ አባትሽን ወደ ወደቡ አስጠርተው፥ 'ያሰርኸው አይላላም ይባላልና እሰራቸው' አሉት። ጠመንጃ ጀርባው ላይ ነበር። በገዛ ልጡ እጃቸውን የፊጥኝ አሰረ። መሪጌታ፥ 'አብዱልወሃብ፥ ትንሽ አላላልኝ' አሉት። ሹምባሹ ቋጠሮውን እየሳበ ይፈትሽ ነበርና ማላላት አልቻለም። በሞተር ጀልባ ጭነው ወደ መሐል ባሕር ወሰዷቸው፤ ጀልባው ባዶውን ተመለሰ።»

ከሪማ ወደ ባሕሩ ዞረች። ከላይዋ የቆመው ታንኳ ውሃውን ጠብ ጠብ ያደርጋል።

«ስለዚህ ነው የሚፈታ?»

«ስለዚህ ነው።»

«አባባ ነው የገደላቸው?»

«አይደለም። የገደሏቸው ያዘዙት ናቸው።»

«እሱ ይህን ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ። ጆሮው ሰማኝ፤ ልቡ አልቀበል አለኝ። ሆድ ይታመማል፤ ዓይን ይታመማል፤ የሰው አእምሮም እንዲሁ ይታመማል። አንቺ አላመጣሽበትም፤ የፈላ ውሃሽም አላመጣበትም። ባሕር ብትገቢለትም አይድንም።»

«ታዲያ በምን ይድናል?»

«አላህ ያውቃል። እኔ አላውቅም።»

ልጅቱ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ሸሪፋ ልታባብላት ቃል ፈልጋ ነበር፤ ሁሉም ውሸት ውሸት ሸተታትና እጇን ብቻ ይዛ ተቀመጠች።

«ሰው ቢጠይቀኝስ?» አለች ከሪማ ኋላ።

«ለሰው ጅን ነው በይ። ሌላ ቃል ከአፍሽ ከወጣ፥ ያየውን አወራ ብለው ይሰቅሉታል። ይህን ሸክም ባልጭንብሽ በወደድሁ፤ ብቻ ከሸክሙ በታች እኔም አለሁ። ሲከብድሽ ወደ እኔ ነይ።»

በነጋታው ከሪማ የተረፈ ደንገል ለቃቅማ፥ አባቷ እንዳስተማራት እየደራረበች በልጥ አሰረችው፤ አምጥታም ከፊቱ አኖረችው። አብዱልወሃብ እሱን ሲፈታ ዋለ። ማታ ሰብስባ ደግማ አሰረች፤ ጧት ደግማ አቀረበች። ይህን ማንም አልመከራትም። ሸሪፋ ሥራ ፈትታ ከበሩ ቆማ ታያቸው ነበር፤ ልጅ ያስራል፥ አባት ይፈታል፤ አንዳንድ ቀን የአብዱልወሃብ ጣት በልጅቱ ጣት ላይ ጥቂት ይቆያል። ከዚያ ወዲያ የማንም ታንኳ አልተፈታም፤ የሼህ ቡርሀን ሰንሰለትም ከቤታቸው አልወጣም።

በአንድ የገበያ ቀን ሹምባሹ ልጅቱን አስቆማት።

«አባትሽ ምን ነካው?»

«ጅን፥ ጌታዬ። ባሕሩ ዳር ነው የሚቀመጥ። በመሸ ጊዜ ወደኛ ሰፈር አይምጡ፤ ባለ ማዕርግ ይወዳል ይላሉ።»

ሹምባሹ ስቆ አለፋት፤ ነገር ግን በመሸ ጊዜ በዚያ መንደር ዳግመኛ አልታየም። ከሪማ ቤት ገብታ ሸሪፋ ጉያ ውስጥ ተወሸቀች።

አብዱልወሃብ አልዳነም። በሠላሳ ሁለት ክረምት በግማሽ የተፈታ ደንገል ጭኑ ላይ እንዳለ ሞተ። በዓመቱ ጥልያን ባሕር ዳርን ለቆ ሄደ፤ የአገር ባንዲራ ተመለሰ፤ ዱር ለዱር የተንከራተቱት አርበኞች ቀኛዝማችና ፊታውራሪ ተባሉ፤ በደሴቱ ገዳም ተዝካር ተደግሶ የመሪጌታ ወልደ ሐዋርያትና የጓደኞቻቸው ስም በጸሎት ተነሣ። ሸሪፋ፥ አገር ነጻ ሲወጣ እውነቱን በአደባባይ እናገራለሁ ብላ ስትጠብቅ ኖራ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ሰዉ በየመንደሩ «እጃቸውን ያሰረ ማን ነበር?» እያለ ባንዳ ሲፈልግ ሰማች። ወንድሟን ከጥልያን የሰወረው ጅን አሁን ደግሞ የሟቹን ስም ከወገኑ ሊሰውር ግድ ሆነ። እሷም አፏን ዘጋች፤ ያችን አፍ የሚያውቁ ሁሉ እርጅና ነው አሉ።

የዚያ ዘመን ዜና የጻፉ ሰዎች የሞቱትን ጻፉ፤ የገደሉትንም ጻፉ፤ ጠመንጃ ጀርባው ላይ ተደግኖበት ቋጠሮ ስላጠበቀ ሰው ግን ብራና አልተረፈም። ዳርቻው እስከ ዛሬ የሚያነሣው ጅን የለከፈውን አብዱልወሃብን ነው።

ሐቢባ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ከሪማ እጇን ይዛ ከዋርካው ሥር፥ በቆሙት ታንኳዎች መካከል አስቀመጠቻት፤ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቱ ሰምታ ስታበቃ የጸጉሯን ክር ፈታችና በመዳፏ ይዛ እስኪመሽ ተቀመጠች።